ያገለገለ መኪናን ቀለም መቀየር ወይስ የነበረውን ማደስ፦ በባሕር ዳር ለሚኖር ባለ መኪና የንጽጽር መመሪያ

ካቻምና ከጎንደር ገዝቼ ያመጣኋት ቶዮታ ኮሮላ ጥቁር አረንጓዴ ናት። የበሮቿና የጎኖቿ ቀለም ገና ፊት ያሳይ ነበር፤ ጣሪያዋና ኮፈኗ ግን ፀሐይ በልቷቸው ላያቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ነበር። ያያት ሁሉ «ነጭ አስቀባት» ይለኛል፤ ደላላው ነጭ ቶሎ ይሸጣል ይላል፣ ባለቤቴ ነጭ ፀሐይ ይችላል ትላለች። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞርኩ ቀለም ቀቢዎችን ስጠይቅ፣ የተቀቡ መኪኖችን በር እየከፈትኩ ስመለከት ከረምኩ። በዚያ ጊዜ የተረዳሁትን፣ ያው ጥያቄ ለገጠመው ሰው እንዲጠቅም፣ አማራጮቹን እያነጻጸርኩ አስረዳለሁ።

አማራጮቹ በመሠረቱ አራት ናቸው፤ ያለውን ቀለም አጥቦና በፖሊሽ አሽቶ መጠቀም፣ የተጎዳውን ክፍል ወይም መላውን አካል በቀድሞው ቀለም ማስቀባት፣ ወደ ሌላ ቀለም መቀየር፣ ወይም በስቲከር ማልበስ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለአብዛኛው ያገለገለ መኪና የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን የምመክረው መኪናው በሌላ ምክንያት ሙሉ በሙሉ መፈታቱ ካልቀረ ወይም የቀድሞው ቀለም የታክሲ ወይም የድርጅት መለያ ከሆነ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ቀለሙ ራሱ ምን እንደሆነና በእኛ ከተማ ምን እንደሚያጠቃው ማየት ያስፈልጋል።

ከፋብሪካ የወጣ መኪና የለበሰው ቀለም በርካታ ሽፋኖች አሉት። መጀመሪያ ላሜራው እንዳለ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ዝገት የሚከላከል ሽፋን በኤሌክትሪክ ኃይል ይያያዝበታል፤ በዚያ ላይ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም፣ ከዚያም በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ክሊር የሚባለው ብርጭቆ መሰል ሽፋን ይደረብበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ መኪናውን ለሃያ ዓመት ከዝገት የሚጠብቀው ነገር የሁለት ጠጉር ያህል ብቻ ይወፍራል ማለት ነው። ፋብሪካው ይህን ቀለም የሚያደርቀው በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ሲሆን፣ ሽቦው፣ ፕላስቲኩና ወንበሩ የተገጠመለት መኪና ይህን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የሚቀባው፣ ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ ተጨምሮበት በአየር ወይም በ60 ዲግሪ ገደማ ፎርኖ ውስጥ የሚደርቅ ሌላ ዓይነት ቀለም ነው። ጥሩ ባለሙያ ከሠራው ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ቢሆንም ጤነኛ የሆነ የፋብሪካ ሽፋንን ፍቆ መጣል እጅግ ያሳዝነኛል፤ አንዴ ከተነሣ መልሶ የሚተካው የለምና።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ በመሆኗ በሚያዝያ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ክሊሩን ቀስ በቀስ የሚሰብረው ይህ ጨረር ነው፤ ጉዳቱ ዘወትር ከጣሪያ፣ ከኮፈንና ከኋላ ክዳን የሚጀምረውና ጎኖቹ የሚተርፉትም ስለዚህ ነው። የሐይቁ ዳር ጥላም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ሰው መኪናውን ከፀሐይ ላስጠጋ ብሎ ከዋርካና ከሾላ ሥር ያቆማል፤ የወፍ ኩስ ግን በጋለ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ክሊሩን በልቶ ጠባሳ ይተዋል፤ በዕለቱ በብዙ ውኃ ካልለቀቀ ደግሞ ኋላ በፖሊሽም ላይወጣ ይችላል።

ለመኪናው የትኛው አማራጭ እንደሚገባው የሚወስነው እንግዲህ የጉዳቱ ጥልቀት ነው፤ ይህንንም ያለ ውድ መሣሪያ መለየት ይቻላል። እኔን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ ናቸው። ግቢያቸው ስገባ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ውኃ በባልዲ አስመጡና ኮፈኑ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ፤ «ተመልከት ልጄ፣ የትኛው እንደሚመለስ እሱ ራሱ ይነግርሃል» አሉኝ። ውኃው የኮፈኑን መሃል ሲያገኘው ግራጫ መስሎ የነበረው ቦታ ጠቆር ብሎ የጥንት አረንጓዴው ብቅ አለ፤ ወደ መስታወቱ በኩል ያለው ጠርዝ ግን ርሶም ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጣታቸውን እዚያ ጠርዝ ላይ አድርገው በጥፍራቸው ገፋ ሲያደርጉት ቅርፊቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ጫፍ ተነሣ። ሲርስ የሚመለስ ቀለም የተጎዳው ላዩ ብቻ ስለሆነ ፖሊሽ ያድነዋል፤ ርሶም የሚነጣና በጥፍር የሚነሣ ከሆነ ክሊሩ ከሥሩ ለቅቋል፣ ከመፋቅ በቀር መድኃኒት የለውም።

ቀጥለው ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርገው በሩን አሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካነሣ ቀለሙ ክሊር የሌለው ነጠላ ቀለም ነው፤ ቆሻሻ ብቻ ከያዘ ደግሞ ላዩ ላይ ክሊር አለ። ብዙ ነጭ ቶዮታዎች የለበሱት 040 የሚባለው ነጭ ነጠላ ቀለም በመሆኑ ፖሊሽ ሲነካው ጨርቁን ነጭ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ቀለም ክፉኛ ቢደበዝዝ እንኳ እስኪሳሳ ድረስ ደጋግሞ በፖሊሽ ሊመለስ ይችላል። በመጨረሻም በስስ ጨርቅ የጠቀለሉትን ማግኔት በፓራፋንጎው፣ ማለትም ከጎማው በላይ ባለው የጎን ላሜራ፣ እና በበሮቹ ታች አስኬዱት። የፊትና የኋላ መከላከያው ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ አይቆጠርም፤ በላሜራው ላይ ግን ማግኔቱ ለቀቅ የሚልበት ቦታ ካለ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን፣ አለ ማለት ነው፤ ያ መኪና ከቀለም በፊት የላሜራ ሥራ ያስፈልገዋል፣ የትኛውም ቀለም ቢመረጥ።

ፈተናው የላይ ጉዳት ብቻ መሆኑን ካሳየ ውሳኔው ቀላል ነው። በቂ እጅ ባለው ባለሙያ ፖሊሽ ማሠራት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን የሚወስድ፣ ከማናቸውም ቅብ በብዙ የሚረክስ ሥራ ነው፤ መኪናውን ለመቀየር የሚጣደፍ ሰው መጀመሪያ ይህን ሞክሮ ሳምንት ቢታገሥ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይለውጣል። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው፤ ፖሊሽ ክሊሩን እያሳሳ የሚሄድ ስለሆነ በየዓመቱ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ክሊሩ የለቀቀው በጣሪያና በኮፈን ብቻ ከሆነ እነዚያኑ በቀድሞው ቀለም ማስቀባት ይበቃል። ለዚህ የቀለሙ ኮድ ያስፈልጋል። በቶዮታዎች ላይ ኮዱ የሚገኘው የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ በተለጠፈው ትንሽ ሰሌዳ ላይ፣ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ነው፤ ከጭረቱ በፊት ያሉት ሦስት ፊደላት ወይም ቁጥሮች የውጭው ቀለም ሲሆኑ ከጭረቱ በኋላ ያለው የውስጥ ወንበሩ ነው። 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር፣ 1ኤፍ7 ብርማ ነው። ይሁንና ኮዱ የሚናገረው መኪናው አዲስ ሳለ ስለነበረው ቀለም ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ የመታው ቀለም ከዚያ ፈቀቅ ብሏል። ስለዚህ ወደ ቀለም ቀማሚው ሲኬድ የነዳጅ ጉሮሮውን ትንሽ ክዳን ፈትቶ መያዝና የተቀመመውን በዚያ ላይ ደርቆ፣ ከቤት ውጭ በፀሐይ ብርሃን ማየት ይገባል። በመደብሩ አምፑል ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት አረንጓዴዎች ውጭ ሲወጡ እንደ አክስትና እንደ እናት ተቀራርበው ግን ተለያይተው አግኝቻቸዋለሁ።

ነጭን የመሰለ ድፍን ቀለም በአንድ በር ላይ ብቻ ቢቀባ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ብርማና ሌሎች ብልጭታ ያላቸው ቀለሞች ግን ብረት መሰል ቅንጣታቸው እንደ ስፕሬዩ ግፊትና ርቀት የተለያየ አቀማመጥ ስለሚይዝ፣ አንዱ ፓራፋንጎ ከበሩ ጋር ዥጉርጉር ሊሆን ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ ላሜራ እያሳሳ ያሻግርና ክሊሩን በሙሉ ላሜራው ላይ ያደርገዋል። ይህን የማይሠራ ቀቢ ብርማ መኪና ባይነካ ይሻላል።

ወደ ሌላ ቀለም መቀየር ከዚህ ሁሉ የተለየ ሥራ ነው፤ በዋጋ ስምምነት ጊዜ የሚረሳውም ክፍሉ ይኸው ነው። መኪና ሲቆም የሚታየው ውጩ ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን ምሰሶው፣ የበሩ ጠርዝና ማጠፊያው ይወጣሉ፤ የኋላው ክዳን ሲነሣ የዕቃ ማስቀመጫው ከንፈር፣ ኮፈኑ ሲነሣ የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ይታያል። በቀድሞው ቀለም ለሚቀባ ሰው እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ይቀራሉ። ለሚቀይር ሰው ግን ወይ ሁሉም ይቀባሉ፣ ወይ መኪናው በር ሲከፈት ሁለት ዓይነት ሆኖ ይኖራል። በጋራዦቹ ግቢ ካየኋቸው የተቀየሩ መኪኖች በአብዛኞቹ ላይ የበሩ ውስጥ ተቀብቶ የሞተሩ ክፍል የድሮውን ቀለም እንደያዘ ነበር፤ በአንዲት ነጭ በሆነች ቪትዝ የበር ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሥር ደግሞ የድሮው ቀይ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር፤ ጎሚኒውን ሳይነቅሉ በፕላስተር ሸፍነው ስለቀቡት ነው።

በትክክል ለመሥራት በሮቹ ይወርዳሉ፣ መስታወቶቹና ጎሚኒዎቹ ይነቀላሉ፣ መብራቶቹ፣ ስፖኪዮዎቹ፣ እጀታዎቹና የውስጥ ልባሶቹ ይፈታሉ፤ ለሞተሩ ክፍልም ቢያንስ ባትሪው፣ ቧንቧዎቹና ሽቦዎቹ መነሣት አለባቸው። ያረጀ መኪና ፕላስቲክ መያዣ ሲነቀል ይሰበራል፣ የደረቀ ጎሚኒ አንዴ ከወጣ እንደ ቀድሞው አይገጥምም። በዚህ ምክንያት ቀለም ከተቀየረ በኋላ የሚመጡት ቅሬታዎች አብዛኞቹ ከቀለሙ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ በክረምት ወለሉ ላይ የሚጠራቀም ውኃ፣ በፍጥነት ሲነዱ የሚያፏጭ በር፣ ከክሩስኮቱ ሥር የሚንኳኳ ነገር ናቸው። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው እንግዲህ «ሙሉ ቀለም ስንት ነው?» ብሎ ማቆም የለበትም፤ የሚፈታውንና የማይፈታውን በዝርዝር ጠይቆ ማስጻፍ አለበት። ሁለት ጋራዦች የሰጡኝ ዋጋ በእጥፍ የተለያየበት ምክንያት ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ርካሹ መስታወት አይነቅልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠጠር ነው። ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚመላለስ መኪና፣ የኮፈኑ አፍንጫና የጎማዎቹ አካባቢ በጠጠር መበሳቱ አይቀርም። ቀለሙ የራሱ ከሆነ ብሳቱ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ከቀይ ወደ ነጭ የተቀየረ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። መኪናዋን ለከተማ ብቻ ለሚጠቀም ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለመስክ ሠራተኛ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላ የሚያበሳጭ ጉዳይ ይሆናል።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። ሊብሬው ላይ ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር የመኪናው ቀለም ተጽፏል፤ መኪናው ነጭ ሆኖ ሊብሬው አረንጓዴ የሚል ከሆነ በየኬላው ማስረዳት፣ በዓመታዊው ምርመራ ጊዜም መቆም ይመጣል። ስለዚህ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ፈቃዱንና የሚፈለገውን ወረቀት ማወቅ፣ ሥራው ሲያልቅም ሊብሬውን ማስተካከልና ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህ የሚፈጀው ቀን የሥራው ዋጋ አካል ተደርጎ ይታሰብ።

ደላላዎች ነጭ ቶሎ ይሸጣል ሲሉ አይዋሹም፤ ይሁን እንጂ የሚናገሩት ነጭ ሆኖ ስለተወለደ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ዋጋ የሚሰጣቸው ሀብት ናቸው፤ የሚገዛ ሰውም መካኒክ ይዞ፣ በር ከፍቶ፣ ጎሚኒ ገልጦ ያያል። ቀለሙ ተቀይሮ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሊደብቁበት ነው?» የሚለውን ነው፤ ተገልብጦ ነበር? ታክሲ ነበር? የተሰረቀ ይሆን? በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆን እንኳ ይህን ጥርጣሬ ማጥፋት ከባድ ነው። የደበዘዘ ግን ያልተነካ ቀለም ያለው መኪና ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ነፃ ነው። ለመሸጥ ብሎ ቀለም የሚቀይር ሰው እንግዲህ ብዙ ጊዜ ከፍሎ ዋጋውን ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

መቀየር የሚገባበት ጊዜ ግን አለ። ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ታክሲ የሠራ ሚኒባስ ወደ ቤተሰብ መኪናነት ሲዞር በዚያ ቀለም ሊቀጥል አይገባም። ከባድ ግጭት ደርሶበት ላሜራው ተቀይሮ፣ መስታወቱ ወርዶ፣ ውስጡ ተፈትቶ የቆመ መኪናም ትልቁ ወጪ አስቀድሞ የወጣ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የሚወደውን ቀለም ቢመርጥ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከዚህ ቀደም አንዴ በመጥፎ ሁኔታ የተቀየረ መኪናም የሚጠብቀው የፋብሪካ ቀለም ስለሌለው ወደ ጥንተ ቀለሙ ቢመለስ ይመረጣል፤ የበሩ ውስጥና የሞተሩ ክፍል ያኔ ከውጩ ጋር ይታረቃሉ።

ባለቤቴ ስለ ሙቀት የተናገረችው እውነት ነው፤ መጠኑን ማወቅ ግን ይረዳል። በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንድ ጥቁርና አንድ ብርማ መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው ሲለኩ የብርማው ጣሪያ እስከ 25 ዲግሪ፣ የውስጡ አየር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። ይህ በጥቁርና በብርማ መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን፣ ለእሱ ሲባል ብቻ መላ መኪናን ከመፍታት የፊት መስታወት መከለያ መግዛትና ጥላ መፈለግ ይቀላል።

ለመቀየር የወሰነ ሰው የሚመርጠው ቀለምም ሥራውን ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል። ቀይና ቢጫ የሥራቸውን ቀለም በደንብ ስለማይሸፍኑ ተስማሚ ፕራይመርና ተጨማሪ ዙር ይፈልጋሉ፤ ጥቁር ደግሞ እያንዳንዱን የስቱኮ ሞገድ አውጥቶ ያሳያል፣ አቧራም ይናገርበታል። ነጭ ትንንሽ ጉድጓዶችን ይደብቃል፣ ለማስተካከልም ይቀላል።

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ወቅቱን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ይህን በራሴ ኪሳራ ተምሬዋለሁ። ከዚህ በፊት የነበረችኝን መኪና በሐምሌ፣ ግድግዳ በሌለው ቆርቆሮ ሥር አስቀብቼ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ሳያት ኮፈኗ ላይ የሐይቅ ጉም የመሰለ ነጭ ደመና ተኝቶበት አገኘሁ። ቲነር በፍጥነት ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ በርጥበት የተሞላ ከሆነ ውኃው ገና ያልደረቀው ቀለም ላይ ይጤዛል። የጋራዡ ሰዎች በፖሊሽ አወጡልኝ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ምስር የሚያህሉ ፊኛዎች ወጡባት። ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ስለሆነ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቀለም የተመቸ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱና አቧራው ይመጣል። ሐይቁ አጠገብ ባለ ክፍት ግቢ ደግሞ አመሻሽ ላይ መብራት አብርቶ መቀባት ጥቃቅን ነፍሳትን ክሊር ውስጥ መቅበር ነው፤ ጠዋት ይሻላል።

ስለ ስቲከር የምለው አጭር ነው። ጤነኛ ቀለም ላይ ለጥፎ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንሣት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው፤ በሚላጥ ክሊር ላይ ግን አይይዝም፣ ሲነሣም ቀሪውን ይዞ ይወጣል። ፀሐይ የሚያገኘው ጣሪያና ኮፈን ላይ ከጎኖቹ ቀድሞ ያረጃል። ቀለሙ የሚታየው ሌላ ስለሚሆን የሊብሬው ጉዳይም አይቀርም።

ሥራውን ሲሰጡ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሃርድነር ያለበት ቀለም ሲረጭ የሚወጣው ኬሚካል የማይድን አስም ሊያስከትል የሚችል ነው፤ ጨርቅ አፋቸው ላይ አስረው የሚቀቡ ልጆችን በየግቢው አይቻለሁ። የሚቀባው ሰው ለዚህ የተሠራ ጭንብል መልበሱን ይጠይቁ፤ ከሌለው ዋጋውን ከፍ አድርጎ የሚያስለብሰውን ጋራዥ ይምረጡ።

የእኔዋ ኮሮላ በኅዳር ጣሪያዋ፣ ኮፈኗና የኋላ ክዳኗ ተፍቀው በራሷ አረንጓዴ ተቀቡ፤ በሮቿ ፖሊሽ ብቻ አገኙ። ሥራው ዘጠኝ ቀን ወሰደ፤ ለአንድ ወር ሰም አልነካኋትም፣ ላቫጆም ስወስዳት በዝቅተኛ ግፊት እንዲያጥቧት አደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎባታል። የተረፈውን ሩብ ሊትር ቀለም አዛውንቱ በትንሽ ብርጭቆ ዕቃ ከድነው፣ ክዳኑ ላይ ኮዱንና የተቀመመበትን ቀን ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ ጠጠር አፍንጫዋን በበሳት ቁጥር በቀጭን ብሩሽ ነጥብ ነጥብ አደርግበታለሁ።